ሩዶልፍ ቪርኾና የጉበት ተውሳክ

ከ1855 እ.ኤ.አ. በፊት የደቡብ ጀርመን ሐኪሞች በአንዳንድ ሬሳ ጉበት ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፣ ዝልግልግ ነገር የያዘ ጠጣር እብጠት ሲያገኙ ካንሰር ነው ብለው ይመዘግቡት ነበር። ይህን ስሕተት ያረመው በቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ መምህር የነበረው ሩዶልፍ ቪርኾ ነው።

ቪርኾ ኦክቶበር 13 ቀን 1821 በፖሜራንያ ተወለደ። በ1843 በርሊን ውስጥ በሕክምና ተመረቀ። በ1848 የፕሩሲያ መንግሥት የተስቦ ወረርሽኝን እንዲመረምር ወደ ላይኛው ሲሌዥያ ላከው፤ እሱ ግን የበሽታው ሥር ድህነት፣ አለመማርና የአስተዳደር ብልሹነት መሆኑን ጽፎ ተመለሰ። በዚያው ዓመት አብዮትም ስለ ተካፈለ በ1849 በርሊንን ለቅቆ ወደ ቩርትስቡርግ ሄደ።

በዚያም እብጠቱን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ካንሰር ሳይሆን ኤኪኖኮከስ የሚባል ትንሽ የኮሶ ትል ዕጭ መሆኑን በ1855 አስታወቀ።

ይህ ተውሳክ በሰው ጉበት ውስጥ በሁለት ዋና መልኮች ይታያል። አንደኛው ዳርቻው የተለየ፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዙሪያውን ትሉን በሚገድል ፈሳሽ በተነከረ ጨርቅ ከልሎ፣ ውኃውን መጥጦ፣ የውስጡን ሽፋን ያወጣል። ውኃው በሆድ ዕቃ ውስጥ ቢፈስ አዳዲስ ከረጢቶች ሊፈጠሩ፣ ሕመምተኛውም በድንገተኛ አለርጂ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛው፣ ቪርኾ የመረመረው፣ ወሰን የለውም፤ እንደ ሥር እየተሰራጨ ጉበቱን ይወርሳል። ስለዚህ ካንሰር አለመሆኑ ቢታወቅም የሚቆረጠው ልክ እንደ ካንሰር፣ ከዙሪያው ካለው ጤነኛ ጉበት ጋር ነው። ቆርጦ ማውጣት በማይቻልበት ጊዜ አልቤንዳዞል የተባለው መድኃኒት ለዓመታት እየተሰጠ እድገቱን ይገታል፤ ለካንሰር ቢሆን ይህ መድኃኒት ባልታሰበም ነበር።

ቪርኾ በ1856 ወደ በርሊን ተመልሶ በ1858 ስለ ሕዋስ ፓቶሎጂ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ከ1859 ጀምሮ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ፣ መሐንዲሱ ጄምስ ሆብሬኽት ላወጣው የቆሻሻ ውኃ ማስወገጃ ዕቅድ ተሟገተ። በ1873 በተጀመረው በዚህ ሥራ ከተማይቱ በ12 ክፍሎች ተከፍላ፣ የየክፍሉ ፍሳሽ በፓምፕ እየተገፋ ከከተማ ውጪ ወዳሉ እርሻዎች እንዲሄድ ተደረገ። የእርድ ሥጋ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመርም አጥብቆ ታገለ።

በጃንዋሪ 1902 ከኤሌክትሪክ ትራም ሲወርድ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ፤ ሴፕቴምበር 5 ቀንም በ80 ዓመቱ ዐረፈ። ቪርኾ ቀዶ ጥገናን ሙያው አላደረገም። ይሁን እንጂ ቢላዋ ያነሣው ሐኪም ምን እንደሚቆርጥና የት ላይ እንደሚያቆም የሚያውቀው የበሽታው ማንነት አስቀድሞ ሲታወቅ ነውና፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ሥራቸውን የጀመሩት እሱ ካደረሳቸው ቦታ ነው።