የቤታቸውን ዘፈን ለመጽሐፍ ያበቁት ወይዘሮ አስቴር ጋኖ

ሰው ከወላጆቹ ቤት የሚወርሰው ሀብት ልዩ ልዩ ነው። አንዱ መሬትና ከብት ይወርሳል፤ ሌላው ቤትና ዕቃ ይወርሳል። ድኻውም ባለጠጋውም ሳይበላለጡ የሚወርሱት አንድ ሀብት ግን አለ። እርሱም በእናት ጀርባ ላይ ታዝለው የሰሙት እሹሩሩ፣ እህል ሲፈጭና አዝመራ ሲሰበሰብ የተዘፈነው ዘፈን፣ ማታ በምድጃ ዳር የተነገረው ተረትና እንቆቅልሽ ነው። ይህን ሀብት ሌባ አይሰርቀውም፤ እሳትም አያቃጥለውም። ነገር ግን ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል።

በዚህ ዓመት መጽሔታችን የሕይወታቸውን ታሪክ ለአንባብያን የምናቀርበው ወይዘሮ አስቴር ጋኖ፣ ከአገራቸው ሲወሰዱ ከዚህ ሀብት በቀር ሌላ የያዙት ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ በመከራ ጊዜ ሁሉ ሳይጥሉ ጠብቀውት፣ ኋላ በቀለም ጽፈው ለወገናቸው ልጆች አስረክበዋል። የመጨረሻው የሥራ ዘመናቸው ከጊዳ አያና ወደ ደቡብ ተጕዘን ከምንደርስባት ከነቀምቴ ከተማ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ እኛ የወለጋ ተማሪዎች ታሪካቸውን ብናውቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ወይዘሮ አስቴር የተወለዱት በ1872 ገደማ ነው። ሲወለዱ ነጻ ነበሩ። ነገር ግን ገና በልጅነታቸው የሊሙ ኤናርያ ንጉሥ ባርያ አደረጋቸው። ሊሙ ኤናርያ በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከነበሩት ከ5ቱ የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ሲሆን፣ የቀሩት ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ነበሩ። አገሩ ለምለምና የንግድ አገር ነበረ። ሰቃ በሚባለው ትልቅ ገበያው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥ ነበር። ከነዚህም ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ከጊቤ አገሮች የሚነሡት ሲራራ ነጋድያን ዓባይን እየተሻገሩ በጎጃም በኩል ወደ ሰሜን፣ ወይም በሸዋ በኩል ወደ ምሥራቅ እየተጓዙ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይደርሱ ነበር። በነዚያ መንገዶች ላይ ስንት ልጆች ከእናታቸው ተለይተው እንደ ነጐዱ መቍጠር የሚቻለው ማን ነው?

በዚያ ዘመን በባርነት የተወሰደ ልጅ ሁሉን ነገር ያጣ ነበር። አባትና እናቱን ያጣል፤ መንደሩን ያጣል፤ ከገበያ ወደ ገበያ ሲሸጥ ስሙ ሳይቀር ይለወጥበታል። ልጁ ትንሽ የሆነ እንደ ሆነም ጥቂት ዓመት ሳይቈይ አፍ የፈታበትን ቋንቋ ይረሳል። ባለ ታሪካችን ግን ቋንቋቸውን አልረሱም። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ኋላ ከሠሩት ሥራ መገመት አያስቸግርም። ንግግር ቢረሳ እንኳ ዘፈን ቶሎ አይረሳም። ዜማው ቃሉን ይይዘዋል፤ አንዱ ስንኝ ሌላውን ይጠራዋል። የሚያነጋግረው ሰው ያጣ ልጅ ብቻውን ሆኖ ማንጐራጐር ይችላል።

በ1886 ወይዘሮ አስቴርንና ሌሎችን ለመሸጥ ወደ ዓረብ አገር የምታሻግር ጀልባ በቀይ ባሕር ላይ ስትጓዝ በኢጣልያ መርከቦች ተያዘች። ኢጣልያ ባለፈው ዓመት፣ በ1885፣ ምፅዋን ይዛ ነበር። በጀልባይቱ ላይ የነበሩትም ነጻ ወጥተው ወደ ምፅዋ ተወሰዱ። ወይዘሮ አስቴርም በምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በተባለው ስፍራ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ያህል ነበር። ከአገራቸው እጅግ ርቀው፣ ሙቀቱ በሚበረታበት በባሕር ዳር ቈላ ተቀምጠው ማንበብና መጻፍ ተማሩ።

በእምኩሉ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውም ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። የወለጋ ሰዎች አባ ገመቺስ እያሉ የሚጠሯቸው እኒህ ሰው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ በተባለ ስፍራ የተወለዱ ሲሆን፣ እርሳቸውም በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ምፅዋ ከደረሱ በኋላ በ1870 ነጻ የወጡ ናቸው። ስዊድን አገር ሄደው 5 ዓመት ተምረዋል። ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ አገር ተመልሶ በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማር ነበር። በሱዳን በኩል ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። ሁለተኛም ሞክረው በ1886 እስከ እንጦጦ ከደረሱ በኋላ እንዲመለሱ ታዘዙ። ስለዚህ ወደ እምኩሉ ተመልሰው፣ በእግር መሄድ ባይቻል በመጽሐፍ ለመድረስ ቈረጡ።

ነገር ግን ኦኔሲሞስን አንድ ችግር ገጠማቸው። ከቤታቸው የተወሰዱት ገና በልጅነታቸው ስለ ነበረ፣ የኦሮምኛ እውቀታቸው መጽሐፍ ለመተርጐም የሚበቃ አልነበረም። ልጅ የሚያውቀው ቃል ስንት ነው? የእርሻውን፣ የሸንጎውን፣ የሰርጉንና የልቅሶውን ቃል ከየት ያምጣው? የተማሩት ሰው ቋንቋ ሲያጥራቸው፣ ትናንት ከባርነት የወጣችው ልጅ ቋንቋውን በሙሉ ይዛ ተገኘች። ኦኔሲሞስም የወይዘሮ አስቴር የቋንቋ ስጦታ ከፍ ያለ መሆኑን ቶሎ አስተዋሉና ወደ ሥራው አስገቧቸው። መጀመሪያም የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ተደረገ። በ1893 የታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን የተቃናው በዚህ መዝገበ ቃላት እየተረዳ ነው።

ወይዘሮ አስቴር በዚህ አላበቁም። በልጅነታቸው የሰሙትን ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ ከትዝታቸው እያወጡ መጻፍ ጀመሩ። ቍጥሩም 500 ያህል ደረሰ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቍጥር በቀላሉ አትለፈው። ከእኛ መካከል ያለ ወረቀትና ያለ ራዲዮ፣ በልጅነት የሰማውን ብቻ አስታውሶ 50 እንኳ ሊጽፍ የሚችል ማን ነው? እርሳቸው ደግሞ ያስታወሱት በሰላም አድገው ሳይሆን በገበያና በባሕር መካከል አልፈው ነው።

የአጻጻፉም ሥራ ቀላል አልነበረም። በዚያ ጊዜ ኦሮምኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በኦሮምኛ አንድ ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ፣ ሲረዝምና ሲያጥር የቃሉ ትርጕም ይለወጣል። የግዕዝ ፊደል ግን ማጥበቅና ማላላቱን አያሳይም። ስለዚህ ጸሐፊው ቋንቋውን በጆሮው አጥርቶ የማያውቅ ከሆነ በየመስመሩ ይሳሳታል። ዛሬ ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል በይፋ ሥራ ላይ የዋለው ከ1991 ወዲህ ስለ ሆነ፣ እነዚያ የቀድሞ ሠራተኞች በአስቸጋሪ መንገድ ላይ ቀዳሚ ነበሩ ማለት ነው።

ወይዘሮ አስቴር ከሰበሰቡት ውስጥ ብዙው በ1894 እምኩሉ ላይ በታተመው የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ገባ። የመጽሐፉም ስም ጀልቀበ በርሲሳ ሲሆን፣ ትርጕሙ የማስተማር መጀመሪያ ማለት ነው። ፊደል ለሚቈጥር ልጅ ዘፈንና ተረት መስጠት እንዴት ያለ ብልህ ሐሳብ እንደ ሆነ መምህራኖቻችን ከሁሉ ይልቅ ያውቁታል። ልጅ የማያውቀውን ነገር በማያውቀው ፊደል እንዲያነብ ቢደረግ ሁለት ሸክም ይሆንበታል። በቤቱ የሚያውቀውን ዘፈን በፊደል ተጽፎ ሲያገኘው ግን አፉ ቀድሞ ይሄዳል፤ ዓይኑም ይከተላል። የእናቱ ዘፈን በወረቀት ላይ ሲታይ፣ እናቱም መምህሩ እንደ ነበረች ይገባዋል።

ከዚህም በቀር ወይዘሮ አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍ ተርጕመዋል፤ ከኦኔሲሞስም ጋር ሆነው የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ዘፈን አውራጅና ተቀባይ እንደሚፈልግ ሁሉ ይህም ሥራ የአንድ ሰው አልነበረም። በእምኩሉ ከባርነት የወጡ ሌሎች ወንዶችና ሴቶች አብረዋቸው ይሠሩ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ፌቤን ሂርጴ የተባሉት ይገኙባቸዋል። እነዚህ ሰዎች በአንድነት የደከሙበት የመላው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም በ1897 ተፈጽሞ በ1899 በስዊስ አገር፣ ባዝል በተባለው ከተማ አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ታተመ። በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ነው። የኋላ ዘመን ታሪክ መርማሪዎች ግን ከሥራው ብዙው የወይዘሮ አስቴር መሆኑን መስክረዋል። ይህም ከክብረ ነገር ይልቅ የፍትሕ ነገር ነው። ሴት በሠራችው ሥራ ላይ ስሟ ሳይጻፍ መቅረቱ በእርሳቸው የተጀመረ አይደለም፤ በእርሳቸውም አላበቃም።

በ1904 ኦኔሲሞስ ነሲብና ጓደኞቻቸው ወደ ወለጋ ለመግባት ቻሉ። የሌቃ ነቀምቴ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ወይዘሮ አስቴርም በዚያ መምህርት ሆኑ። ከኦሮሞ አገር ባርያ ሆነው ከወጡ ከብዙ ዓመት በኋላ መምህርት ሆነው ተመለሱ። በስደት አገር ከልባቸው ቀድተው የጻፉት ዘፈንና ተረትም ተወልዶ ወዳደገበት ሕዝብ በመጽሐፍ ተመለሰ።

ሥራው ያለ ፈተና አልቀጠለም። ኦኔሲሞስ በ1906 ተከሰው ለፍርድ ቀረቡ፤ ለብዙ ዓመትም ሥራቸው ተገድቦ ቈየ። በ1916 በልጅ ኢያሱ ጊዜ ፈቃድ አገኙ፤ በ1931 ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። ወይዘሮ አስቴር ከእርሳቸው በኋላ 33 ዓመት ኖሩ። የኢጣልያን ወረራ አዩ፤ ነጻነትም ሲመለስ አዩ። በ1942 ባርነትን የሚሽር ሕግ በኢትዮጵያ ሲታወጅ፣ ያ ሕግ በልጅነታቸው ቢኖር ኖሮ ሕይወታቸው ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያውቁት እርሳቸውና እንደ እርሳቸው የተሸጡት ናቸው። በ1964 በ92 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ የሕይወት ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ወይዘሮ አስቴር የጻፉት ዘፈን ከነገሥታት አዳራሽ የመጣ አልነበረም። ስማቸው ያልተመዘገበ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶችና የመንደር ልጆች በሥራ ላይ፣ በሰርግና በጨዋታ የዘፈኑት ነበረ። ያቺ ልጅ በቤቷ ሳለች ይዘፍኑ የነበሩት ሰዎች ለመጽሐፍ ይሆናል ብለው አልዘፈኑም። ሆኖም የእነርሱ ድምፅ ከባርነት፣ ከባሕርና ከሞት ተርፎ ፊደል ሆነ።

በጊዳ አያናም ይህ ሀብት ሞልቷል። በአንዱ ቤት በኦሮምኛ፣ በሌላው በአማርኛ ይዘፈናል፤ በአንዳንዱም ቤት አያት በአንዱ ቋንቋ ስታወርድ የልጅ ልጅ በሌላው ይቀበላል። ቡና ሲፈላ፣ በቆሎና ዳጉሳ ሲሰበሰብ፣ ሙሽራ ሲሸኝ የሚዘፈነውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየቤታችን አሉ። ነገር ግን በየዓመቱ ጥቂቶቹ ይለዩናል። አሁን ዘፈን ከስልክና ከቴሌቪዥን በሽ በሽ ስለሚገኝ፣ የአያታችንን ዘፈን ሳንጠይቅ መቅረታችን እንደ ጕድለት አይታየንም። ድምፅ መቅረጫ በኪሳችን ይዘን ሳለ፣ ወረቀት እንኳ ያልነበራት ልጅ የሠራችውን ሳንሠራ ብንቀር ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ስለዚህ በሚመጣው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ሽማግሌዎች ቢያንስ አንድ ዘፈን፣ አንድ ተረትና አንድ እንቆቅልሽ ይጻፍ። ዘፈኑ በየትኛው ቋንቋ እንደሚዘፈን፣ በምን ሥራ ወይም በዓል ላይ እንደሚዘፈን፣ ማን ከማን እንደ ተማረው አብሮ ይመዝግብ። የነገረውንም ሰው ስም ከላይ ይጻፍ እንጂ አይርሳ። ወላጆችም ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው የድሮ ነገር ምን ያደርግላችኋል ብለው አይመልሷቸው፤ ተቀምጠው ይዝፈኑላቸው። ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች የጻፉትን ሰብስቦ በቤተ መጻሕፍቱ ቢያኖር፣ ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጡ ልጆች የአያቶቻቸውን ድምፅ ያገኙበታል። ለወይዘሮ አስቴር ጋኖ ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ የሚስማማቸው መታሰቢያ ይህ ነው።