ኮሊን ቻፕማንና የክብደት ሒሳብ

በካቺሲ ከተማ በገበያ ዋዜማ ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው፣ ከጊንጪ በኩል የሚመጡትን የጭነት መኪኖች ገና ሳያያቸው በድምፃቸው ይለያቸዋል። አብዛኞቹ ከፋብሪካ እንደ ወጡ አይደሉም። ባለንብረቱ በኋላ ባሌስትራቸው ላይ ተጨማሪ አስደርቦ፣ ሻንሲያቸውን በላሜራ አስለብዶ፣ የጭነት ሳጥናቸውን በአንግል ብረት አስጠርንፎ ነው ወደ ግንደበረት መንገድ የሚያሰማራቸው። የሚሰበረውን ቦታ ሾፌሩ ያውቀዋል፤ በያጁም በተሰበረው ላይ ብረት ይጨምርበታል። እኔም ይህን እያየሁ ስላደግሁ፣ መኪና ማሻሻል ማለት ብረት መጨመር ይመስለኝ ነበር።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች የአንድ መሐንዲስን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ይህን የልጅነት እምነቴን የገለበጠውን ሰው መረጥሁ። ኮሊን ቻፕማን ይባላል። በጓሮ ጋራዥ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ፈትቶ እንደገና በመሥራት ጀምሮ፣ ብረት በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ የእሽቅድምድም መኪናን አሠራር በዓለም ዙሪያ የለወጠ እንግሊዛዊ ነው። የመረጥሁት ሥራው ስለሚያስደንቅ ብቻ አይደለም፤ ስለሚያስጨንቅም ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቻፕማን ሜይ 19 ቀን 1928 በለንደን አጠገብ በምትገኘው በሪችመንድ ተወለደ። ያደገው ግን በሰሜን ለንደን ነው፤ አባቱ ሆርንዚ በተባለው ሰፈር ሬልዌይ ሆቴል የሚባል ቤት ያስተዳድሩ ነበር። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የስትራክቸር ምሕንድስና ተማረ። በዚያው ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የበረራ ቡድን ገብቶ አውሮፕላን ማብረር ለመደ። ትጉህ ተማሪ ነበር ለማለት አያስደፍርም፤ የመጨረሻውን የሒሳብ ፈተና ወድቆ ዲግሪውን ያገኘው ከጓደኞቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ፣ በ1949 ነው። ፈተና ደግመን የተቀመጥን መሐንዲሶች በዚህ ጥቂት ብንጽናና የሚቀየመን ያለ አይመስለኝም።

ከትምህርቱ ጎን ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ አሮጌ መኪኖች እየገዛ ይሸጥ ነበር። በ1947 የእንግሊዝ መንግሥት ለግል መኪና የሚታደለውን የቤንዚን ራሽን ሲያቋርጥ ገበያው ወዲያው ወደቀ። ቻፕማን የቀረውን ሸጦ ሲጨርስ፣ ገዢ ያጣች አንዲት ኦስቲን ሰባት በእጁ ቀረች።

ኦስቲን ሰባት በ1922 ለገበያ የቀረበች፣ መካከለኛ ኑሮ ያለው ቤተሰብ ሊገዛት የሚችል ትንሽ መኪና ነበረች። ሞተሯ 747 ሲሲ ብቻ ነው። ምርቷ እስከ ቆመበት እስከ 1939 ድረስ ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ተሠርቷል። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው እንኳ የመኪና ሥራ የጀመረው በፈቃድ የሚሠራውን የእሷን ዓይነት ይዞ ነው። ቁጥሯ ብዙ፣ አሠራሯ ቀላል፣ መለዋወጫዋ ርካሽ ስለ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ገንዘብ የሌለው የእንግሊዝ ወጣት ሁሉ የሚማርባት መኪና ሆነች። የኒውዚላንዱ ብሩስ ማክላረንም የእሽቅድምድም ሕይወቱን የጀመረው በአንዲት ኦስቲን ሰባት ነው።

ቻፕማን መኪናዋን ያስገባት በእጮኛው በሄዝል ዊልያምስ ወላጆች ቤት ጀርባ በነበረ ጋራዥ ውስጥ ነው። የረባ መሣሪያ አልነበረውም። አስቀድሞ የላይኛውን አካል በሙሉ አውልቆ ጣለው። ከዚያ በኋላ የሠራው ግን የማንኛውም የጋራዥ ሰው ሥራ አይደለም። በበረራ ቡድኑ ያያቸውን አውሮፕላኖች አስታውሶ፣ አልሙኒየም የተለጠፈበት ኮምፔንሳቶ ቆራርጦ በሻንሲው ላይ በግድግዳና በክፍልፋይ መልክ አቆመው። አካሉ በሻንሲው ላይ የተጫነ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ሻንሲውን ከመጠምዘዝ የሚከላከል ረዳት ሆነ። አንዱ ዕቃ ሁለት ሥራ እንዲሠራ ማድረግ፣ ሥራ የሌለውንም ከመኪናው ማስወጣት፣ በዚያች ጋራዥ ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ። መኪናዋን በ1948 ሲጨርስ ሎተስ ብሎ ሰየማት። ስለ ስሙ ብዙ ይወራል፤ እሱ ግን ምክንያቱን ሳይናገር ሞተ።

በ1951 ለ750 የሞተር ክበብ ውድድር የሠራት ሦስተኛዋ መኪና ይህን አስተሳሰብ ወደ ሞተሩ አስገባችው። የኦስቲን ሰባት ሞተር አራት ሲሊንደሮች ሲኖሩት፣ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሲሊንደር አንድ ቀዳዳ ይጋራል፤ አንዱ በሚስብበት ጊዜም የጎረቤቱን ይሻማል። ሞተሩ ሥር የሰደደ ጉድለት እንዳለበት ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የሚፈለገው ግን ሌላ፣ የሚበልጥ ሞተር ነበር። ቻፕማን በቀዳዳው ውስጥ ክፍልፋይ አስገብቶ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ መተንፈሻ እንዲኖረው አደረገ። መኪናዋ ተፎካካሪዎቿን እየጣለች ስትሄድ፣ ክበቡ ይህን ዓይነት ሥራ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ለአንድ ወጣት መሐንዲስ ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት ያለ አይመስለኝም።

በ1952 ከሄዝል በተበደረው 25 ፓውንድ ኩባንያውን አቋቋመ። የመጀመሪያው ፋብሪካ ከአባቱ ሆቴል ጀርባ የነበረው የቀድሞ የፈረስ በረት ነው። ቻፕማን ቀን ቀን በአንድ የአልሙኒየም ኩባንያ ተቀጥሮ፣ ለሕንፃ ሥራ አልሙኒየም እንዲገዙ ሰዎችን ሲያግባባ ይውላል፤ ማታ በበረቱ ውስጥ ያመሻል። ያለ ደመወዝ የሚረዱት ወዳጆች ነበሩት። ሰውን የማሳመን ኃይሉ ከምሕንድስና ችሎታው የማያንስ እንደ ነበር በቅርብ ያወቁት ሁሉ ይስማሙበታል።

ከዚያ በረት የወጣው ማርክ ስድስት፣ ሰው በቤቱ የሚገጣጥመው መኪና ነበር። ገዢው ከቻፕማን የሚወስደው በቀጫጭን የብረት ቱቦ የተበየደውን አጽምና የአልሙኒየሙን ልባስ ነው፤ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ጎማውን ከአሮጌ ፎርድ ፈትቶ ያመጣል። አጽሙ ብቻውን 25 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ አንድ ጎልማሳ ያለ ረዳት ያነሣዋል። ጥንካሬው ከቱቦው ውፍረት ሳይሆን ከአደራደሩ ይመጣል። የጎጆ ጣሪያ ሲዋቀር ወራጁና ማገሩ እየተጋገዙ ሦስት ማዕዘን እንደሚፈጥሩት፣ እያንዳንዱ ቱቦ እንዲሳብ ወይም እንዲጨመቅ እንጂ እንዳይጎብጥ ሆኖ ተሰልቷል። በ1957 የወጣው ሎተስ ሰባትም በዚሁ መንገድ ይሸጥ ነበር። ተፈትቶ በሚሸጥ መኪና ላይ የግዢ ቀረጥ አይከፈልም ነበርና፣ በመላው እንግሊዝ ብዙ ሰው ቅዳሜና እሑድ በገዛ ጋራዡ የስፖርት መኪና ሠሪ ሆነ። በ1973 የቀረጡ ሥርዓት ሲለወጥ ቻፕማን የማምረት መብቱን ኬተርሃም ለተባለ ድርጅት ሸጠ፤ ኬተርሃምም ይህንኑ የመኪና ዓይነት እያሻሻለ መሥራቱን ቀጠለ።

በ1962 ደግሞ አጽሙን ራሱን ጣለው። ሎተስ 25 በተባለው የፎርሙላ አንድ መኪና ቱቦ አልነበረም፤ በግራና በቀኝ የተዘጉ የአልሙኒየም ሣጥኖች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ልባሱም አጽሙም እነሱ ሆኑ። ቅል በውስጡ እንጨት ሳይቆምለት በገዛ ቅርፊቱ እንደሚጸና ማለት ነው። በአውሮፕላን ሥራ የታወቀ ዘዴ ነው፤ በፎርሙላ አንድ ግን እንዲህ ተሟልቶ ሲሠራበት የመጀመሪያው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክ በዚህች መኪና በ1963 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1965 ሁለተኛውን ማዕርግ ሲያገኝ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የኢንዲያናፖሊስን 500 ማይል ውድድርም በሎተስ አሸነፈ። ቻፕማን መኪናው ቀድሞ ሲገባ ጥቁር ቆቡን ወደ ሰማይ የመወርወር ልማድ ነበረው፤ በእነዚያ ዓመታት ቆቡ ምድር ላይ ብዙ አልቆየም።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ለሚጽፈው ደስ ይላል። የሚቀጥለውን መዝለል ግን አይገባም።

በ1960 በቤልጅየም፣ በስፓ ከተማ በተደረገው ልምምድ፣ በአንድ ቀን ሁለት የሎተስ መኪኖች በየራሳቸው ተሰበሩ። የስተርሊንግ ሞስ መኪና የኋላ ጎማዋ ተነቅሎ ሾፌሩ ክፉኛ ተሰባበረ። የማይክ ቴይለር ደግሞ የመሪው ዘንግ ብየዳው ለቅቆ መኪናው ያለ መሪ ጫካ ገባ። ቴይለር የእሽቅድምድም ሕይወቱ በዚያው አበቃ፤ ኩባንያውንም ከስሶ ረታ። ክላርክ በ1968 በጀርመን በሆከንሃይም ከመንገድ ወጥቶ ሞተ፤ በዚያ አደጋ ግን የሚጠረጠረው የጎማ መፈንዳት ነው። በ1969 በባርሴሎና፣ በቀጫጭን እግሮች ከፍ ብለው የቆሙት የሎተስ ክንፎች በሁለቱም መኪኖች ላይ ተሰብረው፣ ግራሃም ሂልና ዮኸን ሪንት በተመሳሳይ ቦታ ተጋጩ። ሁለቱም ቢተርፉም፣ ሪንት ስለ መኪኖቹ ጥንካሬ ያለውን ሥጋት ለቻፕማን በደብዳቤ ገለጸ።

በ1970 የወጣው ሎተስ 72 የፊት ፍሬኖቹ ከጎማው አጠገብ ሳይሆን ከመኪናው አካል ጋር ነበሩ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ከሞላው በታች ያለው ክብደት ሲያንስ ጎማው ከመንገዱ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። ነገር ግን ፍሬኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኝ ዘንግ ያስፈልጋል፤ የፍሬን ኃይል በሙሉ በዚያ ዘንግ ላይ ጠምዛዥ ሆኖ ያልፋል። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1970 በጣሊያን በሞንዛ በተደረገው ልምምድ የሪንት መኪና የቀኝ የፊት ፍሬን ዘንግ ተሰበረ። መኪናው ከመከላከያው ብረት ጋር ተጋጨ፤ ሪንትም ሞተ። የጣሊያን ምርመራ አደጋውን ያስነሣው የዘንጉ መሰበር መሆኑን፣ ለሞት ያደረሰው ግን የመከላከያው ብረት አተካከል ጉድለት መሆኑን ገለጸ። ሪንት የደረት ቀበቶውን የታችኛውን ማሰሪያ አለማሰሩም ጉዳቱን አባብሶታል። በዚያ ዓመት ያገኘው ነጥብ ስላልተደረሰበት፣ ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የተባለ ብቸኛ ሰው ሆነ።

በዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በክረምት ዕረፍት ካቺሲ፣ በአጎቴ ግቢ ውስጥ የቆመች አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ለማሻሻል ተነሣሁ። ስለ ቻፕማን ገና ያነበብሁበት ወቅት ነበርና፣ የማይሠራ ብረት ሁሉ በዓይኔ ላይ ወፍራም ሆኖ ታየኝ። የፍሬን ፔዳሉን በትራፓኖ እየበሳሁ አቀለልሁት። ያቀለልሁት ሁለት መቶ ግራም እንኳ አይሞላም። አጎቴ በሦስተኛው ቀን ሲነዷት፣ ፔዳሉ በበሳሁት ቀዳዳ ላይ ተቀነጠሰ። መንገዱ ዳገት ስለ ነበር መኪናዋ በራሷ ቆመች፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው በኩል ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ድፍረት ባላገኘሁ ነበር። አጎቴ አልተቆጡኝም። ፔዳሉን አንሥተው ቀዳዳዎቹን ቆጠሩና በእጄ ሰጡኝ። አሁንም በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

ስለዚህ በቻፕማን ላይ ለመፍረድ እቸገራለሁ። ሒሳቡን አያውቅም ሊባል አይችልም፤ ከዘመኑ መሐንዲሶች ማንም የተሻለ አያውቀውም ነበር። የእኔ ጥፋት አለማወቅ ሲሆን የእሱ ግን ሌላ ነው፦ ኅዳጉን እያወቀ አሳነሰው፤ ያሳነሰውን ኅዳግ ተሸክሞ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ግን ሌላ ሰው ነበር። የካቺሲ በያጅ ብረት ሲደራርብ ብረት ያባክናል፤ ነገር ግን መኪናው የሚሄድበትን መንገድና የሚነዳውን ሰው በስም ያውቃቸዋል።

ከሞንዛ በኋላም ድሉ አልቆመም። ኤመርሰን ፊቲፓልዲ በ1972፣ ማሪዮ አንድሬቲ በ1978 በሎተስ ሻምፒዮን ሆኑ። የአንድሬቲ መኪና ከሆዷ በታች የሚያልፈው አየር ወደ መሬት እንዲስባት ተደርጋ የተሠራች ነበረች፤ ክብደት ሳይጨመር ጎማውን የሚጫን ኃይል ተገኘ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሞንዛ ሮኒ ፒተርሰን በግጭት ቆስሎ ሞተ። በጠቅላላው የቻፕማን ቡድን ሰባት ጊዜ የአምራቾችን የዓለም ሻምፒዮና ወስዷል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ በደሎሪያን መኪና ጉዳይ ጠቆሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በሰሜን አየርላንድ ለተቋቋመው ፋብሪካ ከሰጠው ገንዘብ፣ ለምሕንድስና ሥራ ተብሎ የወጣ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ የት እንደ ደረሰ ጠፋ። ምርመራው ሳያልቅ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1982 ቻፕማን በ54 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። የኩባንያው የሒሳብ ኃላፊ በ1992 ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ ዳኛውም ቻፕማን በሕይወት ቢኖር ቅጣቱ ከዚህ እጅግ የከበደ ይሆን እንደ ነበር ገለጹ።

ያቺ በጋራዥ የተሠራችው የመጀመሪያ ሎተስ በ1950 ተሽጣ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። በ2021 ኩባንያው ያለችበትን የሚያውቅ እንዲጠቁም በይፋ ጠየቀ፤ ልጁም በየበረቱና በየጋራዡ ያሉ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን እንዲፈትሹ አሳሰበ።