አቡነ ማስያስ፣ የፈንጣጣ አባት

በአገራችን አቡነ ማስያስ በሚል ስም የሚታወቁት ካርዲናል ጉሊየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1809 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር ፒዮቫ በምትባል መንደር ተወለዱ። በ1826 ወደ ካፑቺን ማኅበር ገቡ፤ በ1832 የክህነትን ማዕረግ ተቀበሉ። ከ1834 እስከ 1836 በቱሪን ከተማ በማውሪሲያኖ ሆስፒታል የሕሙማን መንፈሳዊ አባት ሆነው ሲያገለግሉ፣ የሕክምናንና የቀዶ ጥገናን መሠረታዊ እውቀት ቀሰሙ። ይህ እውቀት ወዴት እንደሚያደርሳቸው ያን ጊዜ አላወቁም።

በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ላኳቸው፤ በዚያው ዓመት ማዕረገ ጵጵስናን ተቀበሉ። በ1849 ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን በምጽዋ ለጵጵስና የቀቡት እርሳቸው ናቸው። መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው ግን የነጋዴ ልብስ ለብሰው፣ በሱዳን በኩል ዞረው ጉዱሩ የደረሱት በ1852 ነበር።

በዚያን ዘመን ፈንጣጣ ቤትን ባዶ የሚያስቀር መቅሠፍት ነበር፤ ከሞት የተረፈውም ፊቱ ተበሳስቶ ወይም ዓይኑ ጠፍቶ ይቀር ነበር። አቡነ ማስያስ በሆስፒታል የቀሰሙትን ጥበብ ይዘው ሕዝቡን መከተብ ጀመሩ። የዘመኑ ክትባት ከክንድ ወደ ክንድ የሚተላለፍ ነበር፤ ከተከተበው ሰው ቁስል ጥቂት ፈሳሽ ተወስዶ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ስለዚህ አንዱ ድኖ ሌላውን ያድን ነበር። ሕዝቡም የፈንጣጣ አባት ብሎ ጠራቸው።

የተከተበው ሁሉ አልተጠመቀም፤ መልካም ሥራቸውም ከስደት አላዳናቸውም። በ1861 ከከፋ ተባረሩ። በ1868 ሸዋ ገብተው በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ መልካም አቀባበል ቢያገኙም፣ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። በ1884 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ካርዲናል አደረጓቸው። የ35 ዓመት የሐዋርያነት ሕይወታቸውን በ12 ቅጾች ጽፈው፣ ነሐሴ 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ ዐረፉ፤ በፍራስካቲም ተቀበሩ። በ2016 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የጀግንነት ምግባራቸው እንዲታወጅ ፈቀዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን ያወጀው በ1980፣ እርሳቸው ካረፉ ከ90 ዓመት በኋላ ነው። የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እኛም የዘራነው ሁሉ በዘመናችን ባይታጨድ ተስፋ አንቍረጥ። ሰው ቃላችንን ከመስማቱ በፊት እጃችንን ያያል፤ እጃችንን ተቀብሎ ቃላችንን ባይቀበል እንኳ፣ የታመመውን መጠየቅ የታዘዝነው ዋጋ ለማግኘት ሳይሆን ስለ ክርስቶስ ፍቅር ነውና።