አበበ ቢቂላ፦ ከሩጫ ተለይቶ ከውድድር ያልተለየው
ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.አ.አ በ1932 ሸዋ ውስጥ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ሮጦ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን የእግር ጉዳት ጸናበት፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ድሉ ለአገሩ ልጅ ለማሞ ወልዴ ሆነ። በማግስቱ ዓመት በመጋቢት ወር ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ። እንግሊዝ አገር በሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ቢታከምም ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም።

ሯጭነቱ ሲያበቃ ተወዳዳሪነቱ አላበቃም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ተማረ፤ በዚያው በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታም ተሳተፈ። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳደረ። በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ነበር።

አበበ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በጥቅምት 1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ዓለም በእግሮቹ ቢያውቀውም፣ የመጨረሻዎቹ ውድድሮቹ በክንዶቹ ብርታት የተደረጉ ነበሩ።