የእናቶችን ሞት ምክንያት ያገኘው ሐኪም፦ ኢግናዝ ሰመልቫይስ

በምጥ የተያዘች ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትወሰደው በሰላም ተገላግላ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ነው። ከ170 ዓመት በፊት በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪዬና ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ነበር። በዚያ ዘመን ከኤውሮፓ ታላላቅ ሐኪም ቤቶች መካከል ይቈጠር በነበረው በቪዬናው ጠቅላላ ሐኪም ቤት፣ ምጥ የያዛቸው ድኾች ሴቶች ተንበርክከው እጃቸውን አጣምረው ያለቅሱ ነበር። የሚያለቅሱትም ምጡ ስለ ጠናባቸው አልነበረም፤ ወደ አንደኛው የማዋለጃ ክፍል እንዳይገቡና ወደ ሁለተኛው እንዲወሰዱ መለመናቸው ነበር። የዚህን ልቅሶ ምክንያት መርምሮ ያገኘውን፣ ባገኘውም ነገር ምክንያት መከራ የተቀበለውን የአንድ ሐኪም ታሪክ ለዛሬው እሑድ ለአንባብያን ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኢግናዝ ሰመልቫይስ በጁላይ 1 ቀን 1818 ዓ.ም. በሁንጋሪያ፣ በቡዳ ከተማ ተወለደ። ቡዳ ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ካለችው ከፔስት ጋራ ተዋሕዳ ቡዳፔስት የተባለችው ኋላ በ1873 ዓ.ም. ነው። አባቱ የደኅና ሀብት ባለቤት የሆነ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ነበረ። ልጁ በ1837 ዓ.ም. ሕግ ሊማር ወደ ቪዬና ቢሄድም ብዙ ሳይቈይ ሕጉን ትቶ ሕክምናን ያዘ፤ በ1844 ዓ.ም. ዶክቶር ተባለ። በ1846 ዓ.ም. ደግሞ በፕሮፌሶር ዮሐን ክላይን ሥር በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

ይህ ሐኪም ቤት ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። ከ1840 ዓ.ም. ጀምሮ በአንደኛው ክፍል የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። ወላዶቹ የሚገቡት ተራ በተራ ነው፤ ዛሬ አንደኛው ክፍል ከተቀበለ ነገ ሁለተኛው ይቀበላል። ወደዚያ የሚመጡትም ድኾችና ባል የሌላቸው ሴቶች ነበሩ። ያለ ዋጋ ይወልዳሉ፣ ልጃቸውንም የሕፃናት ማሳደጊያ ይቀበልላቸዋል፤ በዚህ ምትክ ሰውነታቸው ለተማሪዎች መማሪያ ይሆናል። ባለጠጋ ሴት በዚያ ዘመን የምትወልደው በቤቷ ነበረ።

ከወለዱ በኋላ ብዙዎቹን የሚይዛቸው የአራስ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነው። ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ትኩሳቱ ይነሣል፣ ሆዳቸው ይነፋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ይሞታሉ። በ1846 ዓ.ም. በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 4,010 እናቶች 459ኙ ሞቱ። በዚያው ዓመት በሁለተኛው ክፍል ከወለዱት 3,754 እናቶች የሞቱት 105 ነበሩ። አንድ ግቢ፣ አንድ ዓይነት ምግብ፣ አንድ ዓይነት አየር ሳለ፣ ሐኪሞች በሚያዋልዱበት የሚሞተው አዋላጆች ከሚያዋልዱበት አራት እጥፍ ያህል ነበረ ማለት ነው።

ይህን ልዩነት የከተማው ድኾች ሴቶች ከፕሮፌሶሮቹ አስቀድመው ያውቁት ነበር። አንዳንዶቹ ተራው የአንደኛው ክፍል መሆኑን ሲሰሙ ከመግባት ይልቅ በመንገድ ላይ መውለድን ይመርጡ ነበር። እጅግ የሚያስገርመውም በመንገድ የወለዱት በትኩሳቱ የሚያዙት ከስንት አንዴ መሆኑ ነው። እኛ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የሚያሳዝነን ይህ ነው። ስለ ሞቱ መጀመሪያ የመሰከሩት የሚሞቱት ራሳቸው ነበሩ፤ ዳሩ ግን የድኻ ሴት ልቅሶ እንደ ምስክርነት አልተቈጠረም፣ እንደ አላዋቂ ፍርሃት ተቈጠረ። በሐኪም ቤቱ መዝገብም ላይ የወለደችውና የሞተችው ከ1784 ዓ.ም. ጀምሮ በቍጥር ተጽፎ ነበር። 

ሰመልቫይስ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣው። በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ በሽታውን የሚያመጣው የተበላሸ አየር ነው ይሉ ነበር። እርሱም እንዲህ ሲል አሰበ፤ አየሩ ተበላሽቶ ከሆነ ከግድግዳ ማዶ ያለውን ሁለተኛውን ክፍል እንዴት ሳይነካ ቀረ? መጨናነቅ ነው እንዳይባል፣ ሴቶቹ ሞትን ሸሽተው ወደ ሁለተኛው ክፍል ስለሚጋፉ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ነበረ። በሁለተኛው ክፍል ሴቶቹ በጎናቸው ተኝተው እንደሚወልዱ ባየ ጊዜ በእርሱም ክፍል እንደዚያው አደረገ፤ ሞቱ አልቀነሰም። ደግሞም ለሚሞቱት ቍርባን ሊያቀብል የሚመጣው ቄስ፣ ቃጭል የሚመታ ረዳቱን አስቀድሞ አምስት የወላድ ክፍሎችን አቋርጦ ያልፍ ነበር። ሴቶቹ በድንጋጤ ይታመሙ ይሆናል ተብሎ ስለ ተገመተ፣ ሰመልቫይስ ቄሱ ቃጭሉን ትቶ በሌላ መንገድ እንዲመጣ ለመነው። ቄሱም እሺ አለ፤ ሞቱ ግን እንደዚያው ቀጠለ። አንባቢ በዚህ እንዳይስቅ፤ ከሊቃውንቱ አየር ይልቅ የዚህ ወጣት ቃጭል ይሻላል፣ ቃጭሉን ማስቆምና ውጤቱን ማየት ይቻላልና።

ምክንያቱን ፍለጋም ማለዳ ማለዳ ወደ አስክሬን ቤት እየሄደ የሞቱትን እናቶች ሬሳ ይመረምር ነበር። ከዚያም ወደ ማዋለጃው ክፍል ተመልሶ በሕይወት ያሉትን በእጁ ይመረምራል። ተማሪዎቹም እንደዚሁ ያደርጉ ነበር። እጃቸውን በሳሙና ቢታጠቡም የሬሳው ሽታ ከጣታቸው አይለቅም፤ ይህንንም እንደ ነውር የሚያየው አልነበረም። ከክላይን በፊት ክፍሉን የመራው ፕሮፌሶር ቦኤር በሬሳ ማስተማርን የማይወድ ሰው ነበረ፤ በእርሱ ዘመን ከመቶ ወላድ የምትሞተው ከአንዲት ብዙም የማትበልጥ ነበረች። አዋላጆቹ ደግሞ ሬሳ አይነኩም።

በማርች 1847 ዓ.ም. ሰመልቫይስ ለዕረፍት ወደ ቬኔሲያ ሄዶ ሲመለስ ወዳጁ ፕሮፌሶር ያኮብ ኮሌችካ መሞቱን ሰማ። ኮሌችካ ሬሳ ሲመረምር የአንድ ተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወግቶት ነበር፤ ከዚያች ጥቂት ቍስል የተነሣ ሰውነቱ ሁሉ ተመርዞ ሞተ። ሰመልቫይስ የወዳጁን የሬሳ ምርመራ ጽሑፍ በኀዘን ሲያነብ፣ የተጻፈው ሁሉ በሞቱት አራሶች ገላ ላይ ዘወትር ያየው ነገር ሆኖ አገኘው። ኮሌችካ አልወለደም፣ ማሕፀንም የለውም፤ የሞተው ግን እንደ አራሶቹ ነው። በእርሱ ገላ የገባው በቢላዋው ላይ የነበረ የሬሳ እድፍ ከሆነ፣ በእናቶቹ ገላ የሚገባው በምን ላይ ሆኖ ነው? መልሱ በገዛ እጁ ላይ ነበረ።

በሜይ ወር አጋማሽ ላይ፣ ከአስክሬን ቤት የሚመጣ ሁሉ ወላድ ከመንካቱ በፊት እጁን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ አዘዘ። ኋላም ዋጋው እንዲረክስ በክሎሪን የተዘጋጀ ኖራ ተጠቀመ፤ ዛሬ በየቤታችን በረኪና የምንለው ነገር የዚህ ዘመድ ነው። ክሎሪንን የመረጠው የሬሳውን ሽታ ስለሚያጠፋ ነበረ፤ ሽታው ከጠፋ እድፉም ይጠፋል ብሎ ነው። ስለ ጀርም ገና የሚያውቅ አልነበረም። በኤፕሪል ወር ከመቶ ወላድ 18 ያህል የሞቱበት ክፍል፣ በጁን ወር ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ሞቱበት። በ1848 ዓ.ም. በሙሉ ከ3,556 ወላዶች የሞቱት 45 ናቸው፤ በማርችና በኦገስት ወር ደግሞ አንዲት እናት እንኳ አልሞተችም።

በመካከሉ፣ በኦክቶበር 1847 ዓ.ም.፣ የማሕፀን ነቀርሳ የያዛት አንዲት ሴት በመጀመሪያው አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ እርሷን ከመረመሩ በኋላ በክሎሪን ሳይታጠቡ በተከታታይ አልጋ ያሉትን ወላዶች መረመሩ፤ ከ12ቱ 11ዱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዷ ሕመምተኛ በኋላ እጅ መታጠብ ግድ ሆነ።

ይህን ያገኘ ሰው በደስታ ሊፈነድቅ ይገባው ነበር እንል ይሆናል። እርሱ ግን ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሬሳ የመረመረው ራሱ ስለ ነበረ፣ ያለ ጊዜያቸው ወደ መቃብር ያወረዳቸውን ሴቶች ቍጥር እግዚአብሔር ብቻ እንደሚያውቅ በኋላ በመጽሐፉ ተናዟል። በጀርመን በኪል ከተማ የነበረው ፕሮፌሶር ሚካኤሊስም ትምህርቱን ተቀብሎ እጅ ማስታጠብን ጀመረ፤ ዳሩ ግን እርሱ ራሱ ያዋለዳት ዘመዱ በአራስ ትኩሳት መሞቷን እያሰበ ስለ ተቃጠለ በ1848 ዓ.ም. ራሱን ገደለ።

ሌሎቹ ግን አልተቀበሉትም። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። አየር ገደለ ቢባል የሚከሰስ የለም፤ እጅ ገደለ ከተባለ ግን የማን እጅ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ፣ የተከበረ ፕሮፌሶር ከአንድ ረዳት ሐኪም ይህን እንዴት ይስማ? ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በሽማግሌዎቹ ላይ መጫን ፍርድ ማጕደል ይመስለናል። ሰመልቫይስ መጻፍ አይወድም ነበር። ስለ እርሱ የጻፈው ወዳጁ ፕሮፌሶር ሄብራ ነው፤ እርሱ ራሱ በቪዬና የሐኪሞች ማኅበር ፊት የተናገረው በ1850 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሙሉ መጽሐፉ የወጣው በ1861 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን መካከል ያልሰሙ ሐኪሞች ያልታጠበ እጃቸውን ይዘው ያዋልዱ ነበር። ዝምታውን በየትኛውም ወገን ብንፈልገው የከፈሉበት ሴቶቹ ናቸው።

በ1849 ዓ.ም. የረዳትነቱ ዘመን ሲያልቅ ክላይን እንዲታደስለት አልፈቀደም። ሰመልቫይስ በ1850 ዓ.ም. ላገዙት ወዳጆቹ ለሄብራና ለስኮዳ እንኳ ደኅና ሁኑ ሳይል በድንገት ቪዬናን ትቶ ሄደ፤ እነርሱም እጅግ አዘኑበት። በቪዬና አንደኛ ክፍል በ1854 ዓ.ም. እንደገና 400 እናቶች ሞቱ። እርሱ ግን በፔስት በቅዱስ ሮኩስ ሐኪም ቤት ሥራውን ቀጥሎ፣ ከ933 ወላዶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት 8 ብቻ ሆኑ። በ1855 ዓ.ም. ፕሮፌሶር ሆነ፤ በ1857 ዓ.ም. ማሪያ ቫይደንሆፈርን አገባ፣ አምስት ልጆችም ወለዱ፤ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ።

መጽሐፉ ረዥምና አሰልቺ ነበረ፤ ብዙዎችም ነቀፉት። ያን ጊዜ ያ ለዓመታት የታመቀ ቍጣ ፈነዳ። ለታወቁት ፕሮፌሶሮች በስማቸው ግልጽ ደብዳቤ እያሳተመ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ሰደባቸው። ቍጣው እውነት ነበረበት፤ ነገር ግን የተሰደበ ሰው ጆሮውን ይደፍናል እንጂ አይሰማም።

በ1865 ዓ.ም. አእምሮው እየታወከ መጣ። በጁላይ መጨረሻ ለጕብኝት በሚል ምክንያት ወደ ቪዬና ተወስዶ፣ በወዳጁ በሄብራ እጅ ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ገባ። ሊወጣ ሲታገል ጠባቂዎቹ ክፉኛ ደበደቡት። ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ በኦገስት 13 ቀን፣ በ47 ዓመቱ፣ ቍስሉ አመርቅዞ ደሙ ተመርዞ ሞተ። አሟሟቱ የወዳጁ የኮሌችካና የእነዚያ ሁሉ እናቶች ዓይነት ነበረ። በቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው ጥቂት ነው።

እርሱ ከመሞቱ ከአንድ ቀን በፊት፣ በኦገስት 12 ቀን፣ በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ሐኪሙ ጆዜፍ ሊስተር የአንድ ልጅ እግር ስብራት ቍስልን በካርቦሊክ አሲድ እያጠበ ማከም ጀመረ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የአራስ ትኩሳትን የሚያመጣውን ተሐዋሲ ለሐኪሞች በሥዕል አሳየ። የሰመልቫይስ አጽም በ1891 ዓ.ም. ከቪዬና ወደ ቡዳፔስት ተመለሰ፤ የከተማዪቱ የሕክምና ዩኒቨርሲቲም በ1969 ዓ.ም. በስሙ ተጠራ። የተወለደበት ቤት ዛሬ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ነው፤ አጽሙም በዚያው ቤት ግቢ ውስጥ ዐርፏል።