ዘር ሲሰበስብ ኖሮ እስር ቤት በረሃብ የሞተው ቫቪሎቭ

ኒኮላይ ቫቪሎቭን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? በ1887 ሞስኮ የተወለደ የእጽዋት ሳይንቲስት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1927 እኛም አገር መጥቷል። አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪን አግኝቶ ካነጋገረ በኋላ፣ በበቅሎ ወደ ሰሜን እስከ አስመራ ድረስ እየተጓዘ ስንዴና ገብስ ሰበሰበ። ያየው የስንዴ ዓይነት ብዛት በጣም ገርሞት ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ ናት ብሎ ጻፈ።

ሰውዬው አገር ለአገር የዞረው ለሽርሽር አይደለም። ድርቅ፣ ብርድና በሽታ የሚችል ዘር ፈልጎ፣ እሱን አዳቅሎ ረሃብን ማጥፋት ነበር ሐሳቡ። ሌኒንግራድ በነበረው ተቋሙ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ናሙና ተከማችቶ ነበር።

ግን ማዳቀል ዓመታት ይፈልጋል፣ ስታሊን ደግሞ ቸኩሏል። ትሮፊም ሊሴንኮ ብቅ ያለው ይሄኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ስንዴ የበረዶውን ወራት ካላሳለፈ በጊዜው አያብብም። ዘሩን አርጥበው ብርድ ካስመቱት ግን ከበረዶው በኋላ ተዘርቶም ያፈራል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፤ ቫቪሎቭም መጀመሪያ ላይ ሊሴንኮን ደግፎት ነበር። ሊሴንኮ ግን በዚህ አላበቃም። ብርድ የቀመሰ ስንዴ ለውጡን ለልጆቹ ያወርሳል፣ ጂን ምናምን የሚባለው ተረት ነው አለ። ስታሊን ወደደው። ቫቪሎቭ እምቢ አለ።

ነሐሴ 1940 ዩክሬን ውስጥ ለዕፅዋት አሰሳ እንደወጣ ያዙት። መጀመሪያ ሞት ተፈረደበት፣ በኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ተቀየረለት። ጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በምግብ እጦት ተጎድቶ ሞተ። በዚያው ጦርነት የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከቦ ሕዝቡ ሲራብ፣ ከተቋሙ ባልደረቦች አንዳንዶቹ የሚጠብቁትን ዘር ሳይነኩ በረሃብ አልቀዋል። ይሄንን ሳነብ ለትንሽ ጊዜ ስልኬን አስቀመጥኩት።

ታዲያ ማን ልክ ነበር? ዛሬ እንደምናውቀው ብርዱ የዲኤንኤውን ፊደል አይቀይርም። ዲኤንኤው በተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ላይ ኬሚካላዊ ምልክት ይቀያይርና አበባን የሚቆጣጠሩ ጂኖችን ያበራል ወይ ያጠፋል። ኤፒጄኔቲክስ የሚባለው ይሄ ነው። ብርዱ ካለፈ በኋላም ተክሉ ያስታውሰዋል። አዲስ ዘር ሲፈጠር ግን ይሄ ትዝታ ይሰረዛል፣ ልጅየው ብርዱን ራሱ እንደ አዲስ መቅመስ አለበት። ሊሴንኮ የካደው ጂን ባይኖር ኖሮ ደግሞ የሚበራም የሚጠፋም ነገር አይኖርም ነበር።

እርግጥ በእጽዋት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፉ ሌሎች ምልክቶች አሉ። ይሄንን ይዘው ሊሴንኮ ልክ ነበር የሚሉ ሰዎች ዛሬ ሩሲያ ውስጥ ብቅ ብለዋል። እኔን አላሳመኑኝም። የሚተላለፈው ሌላ፣ እሱ ያለው ሌላ።

ቫቪሎቭ በ1955 ከክሱ ነጻ ተባለ፣ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ተቋሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከኢትዮጵያ ይዟቸው የሄደው ስንዴዎች ዘርም እዚያው አለ።