ኤድዋርድ አፕልተን

ኤድዋርድ አፕልተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ብራድፎርድ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሮ እንደ ጨረሰ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ በመሐንዲሶች ጦር ውስጥ የመገናኛ መኮንን ሆኖ አገለገለ። ከራዲዮ ጋር በዚያ ተዋወቀ፤ ከጦርነቱም በኋላ አልተለየውም።

በዘመኑ ሊቃውንትን ያስጨነቀ አንድ ጥያቄ ነበር። የራዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ፣ ምድርም ክብ ከሆነች፣ ማርኮኒ በ1901 ከእንግሊዝ የተላከለትን ምልክት ከአትላንቲክ ማዶ ሆኖ እንዴት ሊሰማ ቻለ? በ1902 ኬኔሊ በአሜሪካ፣ ሄቪሳይድ በእንግሊዝ፣ ሞገዱን እንደ መስተዋት የሚመልስ የአየር ንጣፍ በሰማይ ሳይኖር አይቀርም ሲሉ ገመቱ። ግምቱ ግን ከሃያ ዓመት በላይ አስተማማኝ ማስረጃ ሳያገኝ ቆየ፤ ከዚያ ከፍታ የሚደርስ መሣሪያ አልነበረምና።

አፕልተን መሣሪያ ወደ ላይ መላክ አላስፈለገውም። የራዲዮ ምልክት ሌሊት ሌሊት አንዴ ሲጎላ፣ አንዴ ሲደክም ይሰማ ነበር። ይህ የሚሆነው በምድር ላይ በቀጥታ የሚመጣው ሞገድ ከላይ ተመልሶ ከሚወርደው ጋር ስለሚገናኝ ነው ብሎ አሰበ። የሁለቱ ጉብታዎች ሲገጥሙ ምልክቱ ይበረታል፤ የአንዱ ጉብታ ከሌላው ጎድጓዳ ሲገጥም ይደክማል። እንግዲያው የሞገዱን ርዝመት ቀስ በቀስ እየለወጡ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደ በረታና እንደ ደከመ ቢቆጥሩ፣ የሁለቱን መንገዶች ልዩነት፣ ከዚያም የንጣፉን ከፍታ ማስላት ይቻላል። በ1924 መጨረሻ፣ የቢቢሲ ጣቢያ የዕለቱን ዝግጅት ካበቃ በኋላ፣ ከቦርንማውዝ የተላከውን ሞገድ ከማይልስ ባርኔት ጋር በኦክስፎርድ ሆኖ ተቀበለ። ከፍታው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሌላ ንጣፍ አገኘ፤ በስሙም ተጠራ።

በ1939 ከሥራ ባልደረባው ከዊክስ ጋር የደረሰበት ውጤት ብዙ ባይነገርለትም ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የታችኛው ንጣፍ እንደ ባሕር ውኃ በጨረቃ ስበት ከፍና ዝቅ ይላል። ለካ ሰማዩ ማዕበል ያለበት ኖሯል! ዛሬ ራዳሮች ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተወርዋሪ ኮከቦች ጥለውት የሚያልፉትን ጭራ እየተከተሉ የዚያን አካባቢ ነፋስና ሞገድ የሚለኩት እንደ እርሱ ከሰማይ የሚመለሰውን ምልክት በመቀበል ነው።

አፕልተን በ1947 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከ1949 ጀምሮ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲን ሲመራ ቆይቶ በ1965 በዚያው ከተማ አረፈ።